እኩልዮሹ አልመጣጠን ሲል

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቀላል የኬሚካል እኩልዮሾችን አመጣጥናለሁ። የቡቴን ጋዝ በኦክስጅን ሲቃጠል የሚያሳየውን እኩልዮሽ ስሠራ ግን በቀስቱ ቀኝ በኩል ያለው ኦክስጅን 13 እየሆነ አስቸገረኝ። ስለዚህ በውሃው ቀመር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከ1 ወደ 2 ቀየርኩትና ሁሉም እኩል ሆነ። መምህራችን ግን ስህተት ነው አሉኝ። ቁጥሩ ከተስተካከለ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መምህርሽ ትክክል ናቸው። ከንጥረ ነገሩ ምልክት ግርጌ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ስለሚገልጽ የቁሱን ማንነት ይወስናል፤ ከቀመሩ ፊት የሚጻፈው ቁጥር ግን የሚናገረው ስንት ሞለኪውል እንዳለ ብቻ ነው። በውሃው ላይ ኦክስጅን ስትጨምሪ ውሃው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ፤ ይህም ለማንጣትና ጀርም ለመግደል የሚያገለግል፣ የማይጠጣ ሌላ ቁስ ነው። ቁጥሮችሽ እኩል ቢሆኑም እኩልዮሹ የሚናገረው ቡቴን ሲቃጠል ስለማይፈጠር ነገር ነው። የምናመጣጥነው ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚየር እ.ኤ.አ. በ1789 እንዳስቀመጠው በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ ስለማይፈጠርና ስለማይጠፋ ነው፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው ነጻነት የሞለኪውሎቹን ብዛት መቀየር ብቻ ነው።

ቡቴን 4 የካርቦንና 10 የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ስለዚህ ከካርቦን ጀምረሽ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊት 4፣ ከዚያ ለሃይድሮጅን ብለሽ በውሃ ፊት 5 ጻፊ። ኦክስጅንን ለመጨረሻ ያቆየነው በግራ በኩል ለብቻው ስለቆመ፣ ቁጥሩን ብንለውጠው የሌላውን ንጥረ ነገር ሚዛን ስለማያናጋ ነው። በቀኝ በኩል 8 እና 5፣ በድምሩ 13 የኦክስጅን አቶሞች አሉ፤ አንዱ የኦክስጅን ሞለኪውል ደግሞ 2 አቶም ስለሚይዝ ስድስት ተኩል ሞለኪውል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አትደንግጪ፤ ተኩሉን በድፍረት ጻፊው። ግማሽ ሞለኪውል ስለሌለ ቀጥሎ በየቀመሩ ፊት ያለውን ቁጥር ሁሉ በ2 አባዢ፦ 2 ቡቴንና 13 ኦክስጅን፣ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውሃ ይሰጣሉ። ቁጥሮቹን በሞል (ሞለኪውሎችን በጅምላ በምንቆጥርበት መለኪያ) ወስደሽ ክብደቱን ብታሰይው በግራ 116 እና 416 ግራም፣ በቀኝ 352 እና 180 ግራም ይሆናል፤ ሁለቱም ወገን 532 ግራም ነው። ይህን ማጣራት በፈተና ላይም እንድታደርጊው አጥብቄ እመክርሻለሁ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። አሉሚኒየም ከቀጭን (በውሃ ከተበረዘ) ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲዋሃድ እንደሚታየው፣ ሰልፌቱ (የድኝና የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበት ክፍል) ሳይፈርስ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገር ከሆነ ድኝና ኦክስጅኑን ነጣጥለሽ ከመቁጠር ይልቅ ሰልፌቱን እንደ አንድ አሃድ ቁጠሪው፤ ሥራው በብዙ ይቀልልሻል። መዳብ ከወፍራም (በውሃ ካልተበረዘ) ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲዋሃድ ግን ከሰልፌቱ ከፊሉ ፈርሶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ እያንዳንዱን አቶም ለየብቻ መቁጠር ግድ ነው።