ክሮኖስ ኳርቴትን ከየትኛው አልበም ልጀምር?

ክሮኖስ በቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ የሚጫወት የአሜሪካ የአራት ሰዎች ቡድን ነው፤ ከ‹ፒሰስ ኦፍ አፍሪካ› ጀምር። አንዱን አልበማቸውን ሞክረህ ጆሮህን ከረበሸህ፣ ይሄ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፍሪካ አቀናባሪዎች ሥራ ስለሆነ ቶሎ ይገባሃል።

መጀመሪያ የኑቢያዊውን የሐምዛ ኤል ዲንን ‹ኤስካላይ› ክፈት። የውሃ መዘውር ማለት ነው። ቫዮሊኖቹ፣ ቪዮላውና ቼሎው አንዷን ዜማ ቀስ እያሉ ያዞሯታል፣ ያዞሯታል፣ ሐምዛ ራሱ ከሥር ከበሮ ይመታል። ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፤ እንዳትዘለው።

‹ብላክ ኤንጅልስ› የሚባለውን አልበማቸውን ግን አቆየው። የመጠሪያውን ሥራ አሜሪካዊው አቀናባሪ ጆርጅ ክራምብ በ1970 እ.ኤ.አ. በቬትናም ጦርነት ጊዜ የጻፈው ነው፤ ገና ሲጀምር አውታሮቹ በማጉያ ይጮሃሉ። እኔ ማታ በኢርፎን ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፍቼው፣ ደንግጬ ከጆሮዬ መንጭቄ ጣልኩትና ወደ ኳርቴቱ ለመመለስ ወራት ፈጀብኝ። አሁን በጣም እወደዋለሁ።