ኑንግዊ ወይስ ፓጄ?

ሰላም እህቴ፣ ለዛንዚባር እረፍት በደሴቷ ሰሜን ጫፍ ያለው የኑንግዊ ባሕር ዳርቻ ይሻላል ወይስ በደቡብ ምሥራቅ ያለው ፓጄ ላልሽው፣ መዋኘትና ሞቅ ያለ ምሽት ከፈለግሽ ሳታመነቺ ኑንግዊን ያዢ። ፓጄ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው በጣም ስለሚርቅ ለሰዓታት አሸዋው ላይ መራመድ እንጂ መዋኘት የለም፤ ነፋሱ ግን ለካይት ሰርፊንግ (ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ካይት እየተሳቡ በሰሌዳ ውኃ ላይ መንሸራተት) ግሩም ነው። ኑንግዊና ጎረቤቱ ኬንድዋ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም፤ ፀሐይዋም የምትጠልቀው በባሕሩ በኩል ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ከባድ ዝናብ ሽሺ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ያዢ፣ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ ይጠየቃል። ለውጭ ጎብኚ የ44 ዶላር የጉዞ መድንም ግዴታ ሆኗል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ከባሕር ዳርቻው ስትወጪ ትከሻና ጉልበትሽን ሸፈን አድርጊ። አንድ ምሽት ደግሞ ለስቶን ታውን፣ ለዛንዚባር ከተማ አሮጌ ክፍል፣ ተዪ፤ ፎሮዳኒ መናፈሻ ማታ ማታ የሚጠበሰውን የባሕር ምግብ እኔ በጣም ነው የምወደው።