ስልክዎ ኪስ ውስጥ ሆኖ ማንን ይጠብቃል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ባትሪ ናቸው። አይገርመኝም። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት አገር ስለ ባትሪ የሚወራው ስለ ጤፍ ዋጋ ከሚወራው አያንስም። የገረመኝ ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው ታቹ ላይ መድረሳቸው ነው። ስልክ ጠጋኞቻችን «ታች» የሚሉት ከመስታወቱ ስር ሆኖ ጣታችንን የሚያውቀውን ክፍል ነው። «ታቹ ሄዷል» ሲሉዎት ወደ ታች የወረደ ነገር የለም። የሚወርደው ኪስዎ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ነገራችን በአብዛኛው ስለ ታችና ስለ ባትሪ ነው።

«ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ ኤሌክትሪካል እማራለሁ። ጓደኛዬ ታች ስክሪን ካልነካሽው ምንም ኃይል አይበላም ይለኛል። እኔ ደግሞ ካልበላ ጣቴ ሲመጣ በምን ያውቃል? እላለሁ። ማናችን ልክ ነን?»

አንቺ። ጓደኛሽ ምሳ ይጋብዝሽ።

ከመስታወቱ ስር በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በአብዛኛው የሚሠሩት ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። መስመሮቹ እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ይተላለፋሉ፣ ግን አይነካኩም። ታቹን የሚቆጣጠረው ቺፕ በድሩ በኩል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፣ በማጉ በኩል ደግሞ ያዳምጣል። የሰው ሰውነት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣትሽ ሲጠጋ ከዚያ መገናኛ ላይ ምልክቱን ቀንሶ ይወስዳል። ቺፑም «እዚህ ጋ ጎደለ» ብሎ ቦታውን ያውቃል። በእንጨት ብትነኪው ዝም የሚልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። 16 ድርና 32 ማግ አለ እንበል። መገናኛዎቹ 512 ይሆናሉ። ሁሉንም በሰከንድ 120 ጊዜ ቢለካ 61,440 ልኬት ነው። በአንድ ሰከንድ! አንቺ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ቡና ስትጠጪ ይህን ሁሉ ቢሠራ ድካሙ ለማን ነው?

የግቢ ዘበኛ አስቢ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍል ለክፍል በእጅ ባትሪ እያበራ አይዞርም። ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ቁጭ ይላል። አንድ ጆሮው ግን አይተኛም። ኮሽ ሲል ብድግ ይላል። የሚያበራውም ኮሽታው ወደመጣበት ወገን ነው።

ቺፑም እንደዚያ ያደርጋል። ለተወሰነ ጊዜ ካልተነካ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሰከንድ 120 ጊዜ የነበረው 10 ጊዜ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ መስመሮቹን በአንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ትልቅ መስመር ያዳምጣል። እንዲህ ሲሆን የት እንደተነካ አያውቅም፣ መነካቱን ግን ያውቃል። ለጊዜው ያ ይበቃዋል። ጣት ሲመጣ የታሰሩትን ፈትቶ አንድ በአንድ መለካት ይጀምራል። ጣት ካገኘም በኋላ ቢሆን ሁሉንም ቦታ እኩል መለካት የግድ አይደለም። አሁን ቀኝ ጥግ ላይ ያለ ጣት ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ግራ ጥግ ላይ አይገኝም። ስለዚህ በጣቱ ዙሪያ ያሉትን ቶሎ ቶሎ፣ ሌሎቹን አልፎ አልፎ ማየት ይቻላል። አልፎ አልፎ ማየቱ የማይቀረው ሁለተኛ ጣት ሊመጣ ስለሚችል ነው። አሻራ ከስክሪኑ ስር ያለው ስልክ ካለሽ ይህንኑ በሌላ መልክ ታዪዋለሽ። ስክሪኑ ጠፍቶ እያለ የአሻራዋ ቦታ ብቻ ነቅታ ትጠብቃለች።

ዋጋው መዘግየት ነው። በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ የሚያዳምጥ ቺፕ የመጀመሪያዋን ንክኪ እስከ 100 ሚሊሰከንድ ሊያሳልፋት ይችላል። ሰው ደግሞ «ስልኩ ደነዘዘ» ብሎ ያማርራል። ስለዚህ ስንት ጊዜ ይተኛ፣ ስንት ጊዜ ይንቃ የሚለው የኢንጂነሮች የዘወትር ጭቅጭቅ ነው። እኔ ብሆን ለባትሪው አደላ ነበር፤ ጌም የሚጫወት ሰው ግን አይሰማኝም።

ድሮ ይህ ጭቅጭቅ አልነበረም። በጣት የሚሠራ እንዲህ ያለ ስክሪን ያስተዋወቀው ኢ.ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ኢንጂነር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ለአየር በረራ ቁጥጥር ሥራ። ከግድግዳ መብራት ለሚጠጣ ማሽን ባትሪ የሚጨነቅ የለም። ነገሩ ኪስ ውስጥ ሲገባ ነው ቁጠባው የመጣው።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ካጣሽ ደግሞ ኢኤስፒ32 የምትባለዋን ትንሽ ቺፕ ፈልጊ። ንክኪ የሚያውቁ እግሮች አሏት፣ ከከባድ እንቅልፍም በንክኪ ትነቃለች። ስትተኛና ስትነቃ የምትወስደውን ኤሌክትሪክ በሜትር ለኪው። እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ያ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

«ባጃጅ ነው የምሠራው፣ ከፔዳ ቅዳሜ ገበያ። ጠዋት 100 የሞላ ስልኬ ከሰዓት 40 ይላል። ኪሴ ውስጥ ራሱ ይበራል። አንድ ቀን ለአማቴ ደውሎ ሲሳደብ አደረ… ማለቴ እኔ ከተሳፋሪ ጋር ስጨቃጨቅ ሰማች።»

ወንድሜ፣ አማትህን አንተው ይቅርታ ጠይቅ። ስልኩን እኔ ልርዳህ።

ሁለቴ ነካ ነካ ስታደርገው የሚበራ ከሆነ ዘበኛው ሌሊትም አይተኛም ማለት ነው። ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። ይህ ብቻውን ብዙ አይበላም። ችግሩ ኪስህ ነው። ስስ ገበር፣ ላብ፣ ጭንህ ሲነካካው፤ ዘበኛው «እንግዳ መጣ!» ብሎ ቤቱን ሁሉ ያበራል። ባትሪህን የሚጨርሰው ያ መብራት ነው።

ሰቲንግ ግባና ሁለቴ ነክቶ ማብራትን አጥፋ። ሲያነሱት ራሱ የሚበራውንም አጥፋ። በስህተት መነካትን የሚከላከል አማራጭ ካለው እሱን አብራ። ኪስህ ውስጥ ስትከተውም ስክሪኑ ወደ ውጭ፣ ጀርባው ወደ ጭንህ ይሁን።

ሌላም አለ። ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ትንሽ ዓይን የመሰለች ሴንሰር ብዙ ስልክ ላይ አለች። ስልኩን ጆሮህ ላይ ስታደርገው ስክሪኑንም ታቹንም የምታስተኛው እሷ ናት። የባጃጅ አቧራ ወይም በደንብ ያልተቆረጠ ፕሮቴክተር ከሸፈናት ግራ ይገባታል። እያወራህ ጉንጭህ ስልኩን የሚዘጋብህ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ጥረግ።

ቀኑን ሙሉ ዳታ ከፍተህ ከሆነ ግን ታቹን አትውቀሰው። እሱን ለብቻ እንነጋገራለን።

«ጣና ዳር አሳ እሸጣለሁ። ቆሮሶ እየበለትኩ ስልክ ይጠራል። በእርጥብ እጄ ብነካው እምቢ፣ ብጠርገው እምቢ። ደንበኛ እየሄደብኝ ነው።»

እህቴ፣ ውሃም እንደ ጣት ነው የሚታየው። የጣና ውሃ ጨው የለውም ብለሽ አትጽናኚ፤ ቺፑን ለማሳሳት ይበቃል። የአሳ ጨውና ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ቺፑ ሁለት ዓይነት ማዳመጫ አለው። አንደኛው እያንዳንዱን መስመር ለብቻው፣ ሌላው መገናኛዎቹን ነው። ጣት በሁለቱም ጎልቶ ይታያል። ስክሪን ላይ ብቻዋን ያረፈች ጠብታ ግን በሁለቱ እኩል አትታይም። ጥሩ ቺፕ ሁለቱን አነጻጽሮ «ይቺ ውሃ ናት» ብሎ ይተዋታል። ለዚህም ተጨማሪ ይለፋል። ርካሽ ስልክ ላይ ይህን ብዙ አትጠብቂ።

እጅሽን ብቻ ሳይሆን ስክሪኑንም ጥረጊው፤ ብዙ ሰው እጁን ጠርጎ ስክሪኑን እርጥብ ይተወዋል። ለዚህ ብቻ የምትጠቀሚበት ደረቅ ጨርቅ ወገብሽ ላይ አስሪ። አንዳንድ ስልኮች ላይ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ስልክ ማንሳት ይቻላል። ልጅሽ ወይም ጎረቤት ሰቲንግ ውስጥ ይፈልግልሽ። ካለው ተገላገልሽ። ስልኩን ስስ ላስቲክ ውስጥ መክተትም ይሠራል፤ ታቹ በስስ ላስቲክ በኩል ይሰማል። ገንዘብ ስትልኪ ግን አውጥተሽ፣ ጠርገሽ፣ ቁጥሩን ሁለቴ አይተሽ ይሁን።

«ቻርጅ ላይ ሲሆን ስክሪኑ ያብዳል። ሳልነካው ይጽፋል። ቫይረስ ነው?»

አይደለም። ይህን ጥያቄ የምመልሰው በተሞክሮ ነው። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ከተዘረጋ ላስቲክ ላይ ርካሽ ቻርጀር ገዛሁ። ሌሊት ስልኩን ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስልኩ ከለሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለአለቃዬ ሦስት ጊዜ ደውሏል። አለቃዬ እስከ ዛሬ የሚያምነኝ አይመስለኝም።

ቻርጀር የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ ትንሽ ቮልት ይቀይራል። ጥሩው ሲቀይር ያጣራል። መጥፎው ግን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ያሳልፋል። ጫጫታው ስልኩ ውስጥ ይገባል፣ አንተም ስትነካው በአንተ በኩል ወደ መሬት መንገድ ይፈልጋል። ቺፑ የሚያዳምጠው በጣም ትንሽ ለውጥ ስለሆነ ጫጫታውን ጣት ይመስለዋል። ጎበዝ ቺፕ የሚያዳምጥበትን ፍሪኩዌንሲ ይቀይርና እንደገና ይለካል። እንደገና፣ እንደገና። ያም ኃይል ነው። ማለትም ክፉ ቻርጀር ስልክህን እየሞላ መልሶ የሚያስለፋው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ንቀለው። ወዲያው ከተረጋጋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው። ተነቅሎም የሚያብድ ከሆነ ታቹ ወይም ውስጥ የገባ ውሃ ነውና ጠጋኝ ጋ ውሰደው።

«ከዘጌ ነኝ፣ 68 ዓመቴ ነው። ልጄ ታች ስልክ ገዝታልኝ በየቀኑ ቻርጅ ይላል። የድሮው በተን ስልኬ ሳምንት ይቆይልኝ ነበር። ብመለስበት ትቀየመኝ ይሆን?»

አባቴ፣ ይመለሱ። ልጅዎን እኔ አስረዳልዎታለሁ።

በተን ስልክ ዘበኛ አያስፈልገውም፤ በሩ ላይ ደወል አለው። ቁልፉን ሲጫኑት ሁለት ብረቶች ይነካካሉ፣ የተኛው ቺፕ በዚያው ይነቃል። እስኪጫኑት ድረስ ማንም ቁልፎቹን ማዳመጥ የለበትም። ስክሪኑም ትንሽ ነው፣ ዳታም አይጎትትም። ሳምንት የሚቆየው ለዚህ ነው።

ታች ስልኩን ግን አይሽጡት። ቤት ይቀመጥ። ማታ ማታ የልጅ ልጆችዎን ፊት ይዩበት። ቡና ለመሸጥ ሲወጡ በተኑን ይያዙ። እኔ ራሴ ገጠር ስሄድ የማደርገው ይህንን ነው።

«ላፕቶፔ ታች ስክሪን አለው። ታቹን ባጠፋው ባትሪ ይቆይልኛል?»

ትንሽ። ዊንዶውስ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ ማጥፋት ትችላለህ፣ ሲያስፈልግ መልሰህ ታበራዋለህ። ግን የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ብታደርገው ከዚያ የበለጠ ታተርፋለህ። በታቹ የማትጠቀም ከሆነ አጥፋው፤ ተአምር አትጠብቅ።

«ጥቁር ዎልፔፐር ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው እውነት ነው?»

ስክሪንሽ አሞሌድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አዎ። ጥቁር ቦታው ላይ ነጥቦቹ ራሳቸው ይጠፋሉ። ኤልሲዲ ከሆነ ግን ከኋላ ያለው መብራት ጥቁርም ቢሆን ይበራል፣ ስለዚህ ለውጥ የለውም። በእኩለ ቀን ጣና ዳር ቁጭ ብለሽ የምታዪ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ ብርሃኑን እስከ ጣሪያ ያስወጣዋል። ዛፍ ጥላ ስር ግቢ። እሱ ለሁለቱም ዓይነት ይሠራል።

«ስክሪኔ እንዳይሰበር ፕሮቴክተር በፕሮቴክተር ላይ ለጠፍኩ። አሁን በጣም ጠንክሬ ካልተጫንኩ አይሰማም። ሰቲንግ ውስጥ የታች ስሜት መጨመሪያ አለ ይላሉ፣ ልክፈተው?»

ብትከፍተው ቺፑ ይበልጥ ለመስማት ይታገላል፣ የማይገባውን ኮሽታም መስማት ይጀምራል። ጠንክረህ መጫንህም አይጠቅምም፤ እሱ የሚያውቀው ጣትህ መቅረቡን እንጂ ጉልበትህን አይደለም። ችግሩ ሁለት ጋቢ የደረበ ዘበኛ መሆኑ ነው። የላይኛውን ላጠው። የታችኛው ይቆይ።