«330» የተባለው ቀስቴ በእኔ እጅ ስንት ይወረውራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። በቅርቡ ኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መንኮራኩር ያለው) ገዝቻለሁ፤ መግለጫው ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 330 ጫማ ነው ይላል። እኔ የምስበው 28 ኢንች፣ የመሳቢያ ክብደቱ 60 ፓውንድ፣ ፍላጻዬ ደግሞ ወደ 400 ግሬን (ፍላጻ የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) ነው። ፍጥነት መለኪያ ክሮኖግራፍ የለኝም። የራሴን ፍጥነት በስሌት ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በሰጡን ቁጥሮች ስናሰላው ፍላጻዎ የሚወጣው በሰከንድ 272 ጫማ አካባቢ ነው። የቀረው 58 ጫማ የት ሄደ ቢሉ፣ ማንም አላታለለዎትም፤ 330 የተለካው በሌላ ክንድና በሌላ ፍላጻ ነው። አይቢኦ በሚባለው የቀስት አደን ድርጅት መለኪያ ቀስቱ 70 ፓውንድ ላይ ተደርጎ 30 ኢንች ይሳባል፣ የሚጫንበት ፍላጻም ለእያንዳንዱ ፓውንድ 5 ግሬን ብቻ፣ ማለትም 350 ግሬን ነው። አውታሩም ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው፤ ፒፕ (አውታሩ ላይ የሚታሰር፣ ዒላማው የሚታይበት ቀዳዳ) የለበትም፣ ድምፅ ማፈኛ የለበትም።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ከ30 ኢንች ለሚጎድል ለእያንዳንዱ ኢንች 10 ጫማ ይቀንሳል። እርስዎ ሁለት ኢንች ስለሚጎድልዎ 20 ይሄዳል፤ 310 ቀረ። አውታሩ ላይ ለተጨመረ ለእያንዳንዱ 3 ግሬን 1 ጫማ ይቀንሱ፤ ፒፑና ዲ-ሉፑ (አውታሩ ላይ የሚታሰረው፣ መሳቢያው የሚያያዝበት አጭር ገመድ) አንድ ላይ 15 ግሬን ቢሆኑ 5 ጫማ ነው፤ 305 ቀረ። የመጨረሻው ፍላጻው ነው። ለ60 ፓውንድ ቀስት መነሻው 60 ሲባዛ በ5፣ 300 ግሬን ነው። የእርስዎ 400 ስለሆነ 100 ግሬን ትርፍ አለው፤ ለ3 ግሬን 1 ጫማ ብለን 33 እንቀንሳለን። 272 ላይ ደረስን።

የመሳቢያ ክብደቱ ከ70 ወደ 60 ወርዶ ሳለ ለምን ለብቻው አልተቀነሰም? ፍላጻው በዚያው ልክ ሲቀል ፍጥነቱ ብዙም ስለማይለወጥ ነው። በእውነተኛ ልኬት ግን 60ው ከ70ው ጥቂት ጫማ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ደካማው ቀስትም የራሱን ካም (የጫፉን መንኮራኩር) እና አውታር ማንቀሳቀስ አለበትና። ስለዚህ 272ን እንደ ጣሪያ ይያዙት፣ እስከ 10 ጫማ ስሕተትም ይጠብቁ።

ከስሌቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚያስገባቸው ቁጥሮች ላይ ነው። የመሳቢያ ርዝመት የፍላጻው ርዝመት አይደለም። ቀስቱ ሙሉ በሙሉ ተስቦ ሳለ፣ ኖኩ (አውታሩ የሚገባበት የፍላጻው የኋላ ጫፍ) አውታሩን ከያዘበት ቦታ እስከ መያዣው ጥልቅ ቦታ ተለክቶ፣ በላዩ 1¾ ኢንች ይጨመራል። ከዲ-ሉፑ ጀምሮ የለካ ሰው ግማሽ ኢንች ያህል ለራሱ ይሸልማል፤ ያ በስሌቱ 5 ጫማ ነው።

ክብደቱንም መለያው ላይ ካለው ጽሑፍ አይውሰዱ። «50–60» የሚል ቀስት 60 የሚሆነው የሊምቦቹ (የሚለጠጡት የቀስቱ ሁለት ክንፎች) ብሎኖች እስከ መጨረሻው ሲጠብቁ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ማላላት 2 ወይም 3 ፓውንድ ይቀንሳል። ሲያላሉም ሲያጠብቁም የላይኛውንና የታችኛውን እኩል ያዙሩ፤ መመሪያው ከፈቀደው ዙር በላይ አያላሉ፤ ሊምቡ ከተቀመጠበት ሊወጣ ይችላል። ለመለካት የቀስት ሚዛን ካጡ፣ ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ የሚያቆይ የሻንጣ ሚዛን ይበቃል፤ 60 ፓውንድ 27.2 ኪሎ ነው። መንጠቆው ከዲ-ሉፑ እንዳያመልጥ ይጠንቀቁ፣ በዝግታ ስበው በዝግታ ይመልሱ።

ፍላጻውን ደግሞ መመዘን ነው እንጂ መገመት አያዋጣም። 9 ግሬን በኢንች የሚመዝን ዘንግ 28 ኢንች ሆኖ ሲቆረጥ 252 ግሬን ነው። ጫፉ 100፣ ኢንሰርቱ (ጫፉ የሚታሰርበት፣ ዘንጉ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ) 21፣ ኖኩ 9፣ ሦስቱ ላባዎች በ6 በ6 18፤ ድምሩ 400። የወርቅ ሚዛን ካገኙ ግሩም ነው፤ 1 ግራም 15.43 ግሬን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ከሆነ አንዱን ፍላጻ ብቻ አይመዝኑበት። ግማሽ ግራም ሲስት 8 ግሬን ስሕተት ያስገባል። አሥራ ሁለቱን በአንድነት አስረው ይመዝኑና ለ12 ያካፍሉ፤ የእርስዎ ዓይነት ፍላጻ ደርዘኑ 311 ግራም ይሆናል።

አሁን ግምቱን በሜዳ እናረጋግጥ። ክሮኖግራፍ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሜትር ገመድ፣ ደልዳላ መሬትና ከዒላማው ጀርባ አስተማማኝ መከላከያ ነው። የ20 ያርድ ፒንዎን (የማነጣጠሪያውን ነጥብ) በ20 ያርድ በደንብ ያስተካክሉ። ከዚያ በ40 ያርድ ቆመው፣ በዚያው የ20 ፒን፣ ዒላማው አናት ላይ ያለች ነጥብ ላይ አነጣጥረው ስድስት ፍላጻ ይልቀቁ። ፍላጻዎቹ ከነጥቧ በታች ይሰካሉ። አማካዩ ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ይለኩ። ሌላ ሰው ደግሞ ቀስቱን ስበው ሳለ ከጎን ሆኖ ከፍላጻው እስከ ፒፑ ያለውን ከፍታ ይለካልዎት። ሁለቱን ቁጥሮች በሜትር ደምረው 3281ን ለድምሩ ያካፍሉ፤ ከውጤቱ የካሬ ሥር ሲያወጡ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ያገኛሉ። ለምሳሌ ፍላጻዎቹ 37 ሴንቲሜትር ቢወርዱና ፒፑ ከፍላጻው 12 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ድምሩ 0.49 ነው። 3281 ለ0.49 ሲካፈል 6696፤ የካሬ ሥሩ 81.8 ሜትር፤ በ3.281 ሲባዛ 268 ጫማ። ርቀቶቹ 20 እና 40 ሜትር ከሆኑ በ3281 ፈንታ 3924 ይጠቀሙ።

ይህ ቁጥር ከስሌቱ በጥቂት ጫማ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ አየሩ በመንገድ ላይ ስለሚጎትተው ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ ያ ግን ፍላጻው ከአውታሩ ሲለቅ ያለውን ፍጥነት እምብዛም አይነካም፣ የሚቀንሰው በጉዞው ላይ የሚጠፋውን ነው። አጥብቀው የሚጠነቀቁት ለርቀቱ ይሁን። 40 ያሉት 41 ያርድ ቢሆን ውጤቱ 8 ጫማ ይዛባል። መውረዱን በ2 ሴንቲሜትር መሳሳት ደግሞ 5 ጫማ ነው። በእግር እየቆጠሩ የለኩት ሜዳ ለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የቀስት ሱቁ ክሮኖግራፍ ቀን 270 ያነበበውን ማታ 258 አለኝ። ቀስቴ ደክሞ ነው?

መልስ፦ ቀስት በግማሽ ቀን 12 ጫማ አይደክምም። በመጀመሪያ መብራቱን ይጠርጥሩ። የብርሃን ክሮኖግራፍ የሚሠራው የፍላጻው ጥላ በሁለት ዓይኖች ላይ ሲያልፍ ጊዜውን በመቁጠር ነው። የፍሎረሰንትና የአንዳንድ ኤልኢዲ መብራት ለዓይናችን ሳይታይ ብልጭ ድርግም ስለሚል መሣሪያው ይሳሳታል። በቀን ብርሃን፣ ነጩን የብርሃን ማለዘቢያ ከላይ አድርገው፣ አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይልቀቁ። ፍላጻው በቀጥታ ይለፍ፤ 10 ዲግሪ ተጣሞ ያለፈ ፍላጻ 272 ሳለ 268 ሆኖ ይነበባል። ሦስት ጊዜ ለክተው የሦስቱ ልዩነት ከ4 ጫማ ከበለጠ ደግሞ የእጅዎን ነገር ይመርምሩ። ከመልቀቅዎ በፊት አውታሩ ግማሽ ኢንች ወደፊት እየሾለከብዎት ይሆናል።

ጥያቄ፦ 60 ፓውንድ ቀስቴ ላይ 280 ግሬን ፍላጻ ብጭን 300 ጫማ አላልፍም?

መልስ፦ እባክዎ አይሞክሩት። 280 ለ60 ሲካፈል ለአንድ ፓውንድ 4.67 ግሬን ነው፤ ከ5 በታች ወርደዋል። ፍላጻው ያልወሰደው ኃይል የትም አይጠፋም፣ ወደ ሊምቡ፣ ወደ ካሙና ወደ አውታሩ ይመለሳል። ያለ ፍላጻ ከመልቀቅ ጋር የሚቀራረብ ምት ነው፤ ሊምብ ይሰነጥቃል፣ አውታር ከካሙ ያወጣል፣ ዋስትናንም ያሳጣል። የቀለለው ዘንግ ስፓይኑ፣ ማለትም ጥንካሬው፣ ለ60 ፓውንድ ካልበቃ ደግሞ ከእጅዎ ፊት ሊሰበር ይችላል። ካርቦን ፍላጻን ከመልቀቅ በፊት ሁሌም በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ጎበጥ ያድርጉት፤ ከተንቋቋ ወይም ጣትዎ ስር ስንጥቅ ከተሰማዎ ሰብረው ይጣሉት።

ደግሞም ፍጥነት ማለት ኃይል አይደለም። ከላይ ባሰላነው ቀስት 400 ግሬን ፍላጻ በ272 ጫማ ሲሄድ 65.7 ጫማ-ፓውንድ ጉልበት ይይዛል። 300 ግሬኑ በ305 ሄዶ 62 ብቻ ነው የሚይዘው። የግሬኑን ክብደት በፍጥነቱ ካሬ አባዝተው ለ450,240 ሲያካፍሉ ራስዎ ያገኙታል። ለአደን የሚወጣ ሰው ከባዱን ቢመርጥ እንመክራለን፤ ቀስቱም ድምፁ ዝግ ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ በ50 ሜትር ውድድር ትሳተፋለች። ፍጥነት ምን ያህል ያስፈልጋታል?

መልስ፦ በዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን ደንብ የኮምፓውንድ የመሳቢያ ክብደት ከ60 ፓውንድ አይበልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ኮምፓውንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በድብልቅ ቡድን ይገባል። ለልጅዎ የሚጠቅማት ከፍጥነቱ መብዛት ይልቅ የፍላጻዎቿ መመሳሰል ነው። በ50 ሜትር የ3 ጫማ ልዩነት ፍላጻውን በቁመት 4 ሴንቲሜትር ያህል ያንቀሳቅሰዋል፣ የአሥሩ ክብ ደግሞ ከመሃል እስከ ጠርዝ 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። 3 ጫማ ማለት የ9 ግሬን ልዩነት ነው። ደርዘኑን አንድ በአንድ በወርቅ ሚዛን ይመዝኑላት፤ ከሌሎቹ በ3 ግሬን የራቀውን ለልምምድ ይለዩት፣ ለውድድር አትያዘው።