ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር፦ ቨርቹዋል ማሽን ለድረ ገጽ ሥራ፣ ጥያቄና መልስ

በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን አስነስታችሁ ድረ ገጽ ስለመሥራት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ መልሱ። የማወራው ቨርቹዋል ማሽን ስለሚያስነሳው ፕሮግራም ስለ ቨርቹዋልቦክስና በውስጡ ስለምንጭነው የሊኑክስ ዓይነት ስለ ኡቡንቱ ሰርቨር ነው፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። የእናንተን ኮምፒውተር «አስተናጋጅ»፣ በውስጡ የሚነሳውን ደግሞ «እንግዳ» እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዊንዶውስ ላይ አፓቺን (ገጹን ለብሮውዘር የሚያቀርበውን ፕሮግራም) እና ፒኤችፒን (የድረ ገጽ ኮድ ቋንቋውን) በአንድ ጊዜ የሚጭን ጥቅል ፕሮግራም አለኝ፤ ያለችግር ይሠራል። ለምን ልድከም?

መልስ፦ ለመማሪያ ከሆነ አትድከም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ወደ ደንበኛው ሰርቨር ሲዛወር ነው። የምትከራየው ሰርቨር በአብዛኛው ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ ግን በተለምዶ አይለይም። የሥዕሉን ፋይል በትልቅ ፊደል ሰይመህ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ከጠራኸው አንተ ጋ ይታያል፣ ደንበኛው ጋ ይጠፋል። ሁለት ደንበኞች ሁለት የተለያየ የፒኤችፒ ዕትም ሲፈልጉም ለእያንዳንዱ የራሱን ማሽን መስጠት ከጭቅጭቅ ያድናል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል፣ ዴስክቶፕ የሌለውን የሰርቨር ዕትም ከጫንሽ። ለእንግዳው 2 ጊጋባይት ራምና 2 ፕሮሰሰር ስጪው። ዲስኩን 25 ጊጋባይት አድርጊና እንደ አስፈላጊነቱ የሚያድገውን ዓይነት ምረጪ። ይህ ዲስክ ማደግ እንጂ መቀነስ አያውቅም፤ እንግዳው ውስጥ ፋይል ብትሰርዢም አስተናጋጁ ላይ የያዘውን ቦታ በራሱ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ሲነሳ እጅግ ይንቀረፈፋል። ከመስኮቱ ግርጌም የኤሊ ምልክት ይታየኛል።

መልስ፦ ኤሊዋ ቀልድ አይደለችም። ሃይፐር-ቪ የተባለው የዊንዶውስ አካል የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋል አቅም ቀድሞ ስለያዘው ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል እየዞረ እየሠራ ነው ማለት ነው። በሌላ ሥራ የማትፈልገው ከሆነ ከዊንዶውስ ቅንብር አጥፋውና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳ። ማሽኑ ጭራሽ አልነሳ ያላችሁ ደግሞ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገኘው ቅንብር) ውስጥ ግቡና ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን አብሩ።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ተጭኗል፣ አፓቺም እየሠራ ነው። የማሽኑ አድራሻ 10.0.2.15 ይላል፤ በዊንዶውስ ብሮውዘር ስጽፈው ግን ምንም አይከፈትም።

መልስ፦ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቨርቹዋልቦክስ ሲጫን የሚሰጣችሁ የኔትወርክ ዓይነት «ናት» (NAT) ይባላል። በዚህ ዓይነት እንግዳው ወደ ውጭ መውጣት ይችላል፣ ከውጭ ወደ እሱ መግባት ግን አይቻልም። ያ አድራሻ በእንግዳው በኩል ብቻ የሚታወቅ ስለሆነ ዊንዶውስ ፈልጎ አያገኘውም።

ቀላሉ መፍትሔ ፖርት (የየአገልግሎቱን መግቢያ ቁጥር) ማስተላለፍ ነው። በማሽኑ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የአስተናጋጁን 8080 ወደ እንግዳው 80፣ የአስተናጋጁን 2222 ደግሞ ወደ እንግዳው 22 አስተላልፉ። ከዚያ በብሮውዘሩ ሎካልሆስት ብላችሁ 8080ን ስትጨምሩ (localhost:8080) ገጹ ይመጣል፤ በ2222 ደግሞ በኤስኤስኤች (ማሽኑን ከሩቅ ሆኖ በትእዛዝ ማሠሪያ መንገድ) ትገባላችሁ።

እኔ የምመርጠው ግን ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨምሮ ሆስት-ኦንሊ ማድረግን ነው። ኢንተርኔቱ በመጀመሪያው ካርድ ይቀጥላል፤ በሁለተኛው ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ በ192.168.56 የሚጀምር አድራሻ ያገኛል። ይህን አድራሻ የሚያየው የእናንተ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ አገልግሎት በጨመራችሁ ቁጥርም ፖርት ስትቆጥሩ አትውሉም።

ብሪጅድ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት እንግዳውን እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ከቤቱ ራውተር ጋር ያገናኘዋል። ገጹን በስልካችሁ ለመሞከር ጥሩ ነው። ካፌ ወይም መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን አልመክርም፤ ያላለቀ ሥራችሁንና ደካማ የይለፍ ቃላችሁን ለማታውቁት ሰው ማሳየት ይሆናል።

ጥያቄ፦ በቁጥር ፈንታ በስም መጥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ሆስትስ የሚባለው የአስተናጋጁ ፋይል ላይ አድራሻውንና የፈለግከውን ስም ጻፍ። ስሙ በ«ነጥብ ቴስት» ይለቅ፤ ከ1999 ጀምሮ ለሙከራ ብቻ የተተወ ነው። «ነጥብ ዴቭ» ግን የጉግል ስለሆነና ብሮውዘሮች በኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ ስለማይከፍቱት ያደክምሃል።

ጥያቄ፦ ኮዱ ዊንዶውስ ላይ ነው፣ በጋራ ፎልደር ለማሽኑ አጋርቼዋለሁ። ፋይል ስቀይር ግን ገጹ ራሱን አያድስም፤ የጃቫስክሪፕት ጥቅሎችን ስጭንም ስህተት ይሰጠኛል።

መልስ፦ የቨርቹዋልቦክስ ጋራ ፎልደር የፋይል ለውጥ ማሳወቂያን ወደ እንግዳው አያደርስም፤ ለውጥ የሚጠባበቀው ፕሮግራም ምንም ነገር አይሰማም። በየጊዜው እየዞረ እንዲፈትሽ ብታዝዢው ይሠራል፣ ፕሮሰሰሩን ግን ያደክመዋል። የጥቅሉ ስህተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጋራ ፎልደሩ ሊኑክስ የሚጠቀምባቸውን አቋራጭ ማያያዣዎች ስለሚከለክል የሚመጣ ነው። እነዚህን ጠጋግኖ ከመኖር ኮዱን እንግዳው ውስጥ አስቀምጪና ከዊንዶውስ ሆነሽ በኤስኤስኤች በሚገናኝ የጽሑፍ ማረሚያ ሥሪ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ይህን ይችላል። በየዕለቱም በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም) ወደ ሌላ ቦታ ላኪው።

ጥያቄ፦ ዳታቤዙ ውስጥ አማርኛ ስመዘግብ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። ማሽኑ ይሆን?

መልስ፦ ማሽኑን አይውቀሱት። የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። ሰንጠረዥዎ ላቲን-1 በተባለው አመዳደብ ከተፈጠረ ማስቀመጫ ስለሌለው በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ የማይኤስኪውኤል የቆዩ ዕትሞች ሳይነገራቸው የሚመርጡት እሱን ነበር፤ ዕትም 8.0 ግን ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 (utf8mb4 የሚባለውን) ይመርጣል። ዳታቤዙን፣ ሰንጠረዡንና ፕሮግራምዎ የሚከፍተውን ግንኙነት ሦስቱንም ይፈትሹ። በጥያቄ ምልክት የተመዘገበው ጽሑፍ አይመለስም፣ እንደገና ይጻፉት። በማሽኑ ጥቁር መስኮት ላይ ብቻ ሳጥን ሳጥን ከታየ ግን ያ የፎንት ጉዳይ ነው፤ መረጃው ደህና ነው።

ጥያቄ፦ መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ስናፕሾት (ወደኋላ መመለስ የሚያስችል የማሽኑን ቅጽበታዊ ሁኔታ) ካነሳሁ ከኪሳራ እድናለሁ?

መልስ፦ አትድንም። ስናፕሾት የሚያስቀምጠው ከመነሻው ዲስክ የተለወጠውን ብቻ ነው፤ መነሻው ከተበላሸ አብሮት ይሄዳል። አዲስ ዕትም ከመጫንህ በፊት ለመመለሻ እንዲሆንህ አንሳው፣ ለመጠባበቂያ ግን አትቁጠረው። ዳታቤዙን በፋይል አውጥተህ ከማሽኑ ውጭ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም እየየብቻችን ማውረድ አለብን? አንዳችን ደግሞ ኤም-1 ማክ ነው ያለው።

መልስ፦ የኡቡንቱ ሰርቨር ፋይል ብቻውን ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንድ ሰው ያውርድ። ማሽኑን ያዘጋጅ፣ ያጥፋው፣ በቨርቹዋልቦክስ ኤክስፖርት አድርጎ (ወደ አንድ ፋይል አውጥቶ) በፍላሽ ያድላችሁ። ስታስገቡት ለኔትወርክ ካርዶቹ አዲስ የማክ አድራሻ (MAC፣ የካርዱ መለያ ቁጥር እንጂ የማክ ኮምፒውተር አይደለም) እንዲፈጥር እዘዙት፤ አለዚያ በአንድ ኔትወርክ ላይ ስትገናኙ ይጋጫሉ። የይለፍ ቃሉንም እያንዳንዳችሁ ቀይሩ። ለማኩ ግን ይህ ፋይል አያገለግልም፤ ፕሮሰሰሩ ሌላ ዓይነት ነው። ባለቤቱ ለዚያ ፕሮሰሰር የተሠራውን (የአርም) የኡቡንቱ ዕትም አውርዶ ማክ ላይ ቨርቹዋል ማሽን በሚያስነሳው ፕሮግራም በዩቲኤም ይጫን፤ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከእናንተ ወስዶ ያንኑ ይድገም።