«ጀተንግ» ማሠቃየት ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ ለኤችኤስኬ (የቻይንኛ ቋንቋ ችሎታ መመዘኛ) 6ኛ ደረጃ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። መዝገበ ቃላቴ «ጀተንግ» የሚለውን የቻይንኛ ግስ «ማሠቃየት» ብሎ ይፈታዋል። በንባቦቹ ግን አንዱ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሌላው ኮምፒውተር ሲፈታታ ይኸው ግስ ይመጣል። ከ«ጀሞ»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦ መዝገበ ቃላትዎ የሰጠዎት ከሦስቱ ፍቺዎች አንዱን ነው። መጀመሪያ አልጋ ላይ መገላበጥ አለ። ቀጥሎ አንድን ነገር ደጋግሞ መነካካት ይመጣል፤ ኮምፒውተሩን ፈቶ መግጠም፣ ገጥሞ እንደገና መፍታት። ሦስተኛው ማንገላታት ነው፤ በሽታ ሰውን «ጀተንግ» ያደርጋል። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው መመላለሱና ድካሙ ነው።

«ጀሞ» ግን ሥቃይን ብቻ ይይዛል፤ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው «ጀሞ» አደረገ አይባልም። የሁለቱም የመጀመሪያ ፊደል አንድ ስለሆነ ድምፃቸው ያምታታል። በ«ጀሞ» ውስጥ «ጀ» ወደ ላይ በሚወጣው 2ኛ ቃና (የድምፅ አወጣጥ) ይነበባል። በ«ጀተንግ» ግን ከፍ ብሎ በሚረጋው 1ኛ ቃና ነው፤ «ተንግ»ም አጠር፣ ቀለል ብሎ ያለ ቃና ይባላል።

አማርኛ ተናጋሪን ይበልጥ የሚያሳስተው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። እኛ «ሌሊቱን ሙሉ አንገላታኝ» ብለን ጊዜውን እናስቀድማለን። በቻይንኛ ድርጊቱ የቆየበት ጊዜ ከግሱ በኋላ ይመጣል፤ «እኔን» የሚለው ደግሞ በመካከል ይገባል፦ «ሃይዝ ጀተንግ ለ ዎ ዪ ዋንሻንግ»፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አንገላታኝ። ውጤቱን ለመናገር ከግሱ ጀርባ ሌላ ቃል ይለጠፋል፦ «ታ ባ ቺየን ዶው ጀተንግ ጓንግ ለ»፣ ገንዘቡን ሁሉ ወዲያ ወዲህ ሲል ጨረሰው። «አላደረገም» ሲሉ «መይ ጀተንግ» ይበሉ፤ የተፈጸመ ድርጊትን የሚያሳየው «ለ» እዚህ አይገባም።

«ሽያ ጀተንግ» በከንቱ መልፋት ነው። የያኔው የቻይና ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታኦ በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ.፣ በአገሪቱ የኢኮኖሚ ተሐድሶ 30ኛ ዓመት በዓል ላይ «ቡ ጀተንግ» ሲሉ አገሪቱን በማያስፈልግ ውዥንብር አንንጣት ማለታቸው ነበር፤ ተርጓሚዎችም በቃሉ ብዙ ተከራክረዋል። ዛሬ ወጣቶች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ቃሉ በጎ ትርጉምም ይይዛል፦ «አይ ጀተንግ» የተባለ ሰው አርፎ የማይቀመጥ፣ አዲስ ነገር መሞከር የሚወድ ነው።

ቃሉ የመነጋገሪያ ቋንቋ ስለሆነ በመደበኛ ደብዳቤ አይጻፍ። «ቢዬ ጀተንግ ለ» በቁጣ ሲባል «በቃ፣ አትነካካ!» ነው። እርስዎን ለማስተናገድ ወዲያ ወዲህ ለሚሉ ትልቅ ሰው ግን በአክብሮቱ «ኒን» (እርስዎ) ጀምረው በለስላሳ ድምፅ ቢሉት «ኧረ አይድከሙ» ይሆናል።