የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዋይፋዩን የማያውቀው ቢግልቦን

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቢግልቦን ብላክ ዋየርለስ (ዋይፋይ ያለው ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር) ገዝቼ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጫንኩበት። ቦርዱ ያለ ችግር ይነሳል፤ በዩኤስቢ ገመድም ከላፕቶፔ ጋር ይገናኛል። ዋይፋዩ ግን ከነጭራሹ አይታይም። ሲስተሙን ደጋግሜ እንደ አዲስ ብጭነውም ለውጥ የለም። የሞዴሉን ስም ሳይ «ቢግልቦን ብላክ» ብቻ ይላል። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቺፑ ተቃጥሏል ብለው ከመደምደምዎ በፊት በመጨረሻ የጠቀሱትን የሞዴል ስም ልብ ይበሉ፤ ዋናው ፍንጭ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ባለ ኤተርኔቱ (በኔትወርክ ገመድ የሚገናኘው) ብላክና በ2016 የወጣው ዋየርለስ የፕሮሰሰር ቤተሰባቸው አንድ በመሆኑ፣ አንዱ የሌላውን መለያ ይዞም ሊነሳ ይችላል። ልዩነታቸው የተመዘገበው በቦርዱ ላይ ባለችው 4 ኪሎባይት በምትይዘው ኢኢፕሮም (ኃይል ቢቋረጥም ይዘቷን የማትረሳ ትንሽ ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ነው። ቦርዱ ኃይል ሲያገኝ ዩቡት የተባለው ማስነሻ ፕሮግራም ይህችን መታወቂያ አንብቦ ለሊኑክስ ከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) የትኛውን የዲቫይስ ትሪ ፋይል፣ ማለትም የቦርዱን ክፍሎች ዝርዝር፣ እንደሚሰጥ ይወስናል። መታወቂያው የባለ ኤተርኔቱ ከሆነ፣ ኤስዲአይኦ በተባለው የመገናኛ መስመር ላይ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዋይፋይ ሞጁል መኖሩን ለከርነሉ የሚነግረው ስለሌለ ሞጁሉን የሚያሠራው ፕሮግራም (ድራይቨሩ) ሥራ አይጀምርም። ሲስተሙን ደጋግሞ መጫን ያልረዳዎትም ለዚህ ነው፤ ዴቢያን የሚጻፈው በኢኤምኤምሲው (በቦርዱ ማከማቻ ቺፕ) ወይም በኤስዲ ካርዱ ላይ እንጂ በኢኢፕሮሙ ላይ አይደለም።

ኢኢፕሮሙን ከመንካትዎ በፊት ግምቱን ያለ ስጋት እንዲፈትኑ አጥብቀን እንመክራለን። ቡት በሚባለው ማውጫ ውስጥ ያለውን የዩኢንቭ የጽሑፍ ፋይል ከፍተው፣ ዲቲቢ በሚለው መስመር ላይ የብላክ ዋየርለስን የዲቫይስ ትሪ ፋይል ስም ይጻፉና ቦርዱን እንደገና ያስነሱ። ዋይፋዩ ብቅ ካለ ሃርድዌሩ ጤነኛ ነው፤ ስህተቱም መለያው ላይ ነው። በዚህ መፍትሔ ብቻ መቀጠልም ይቻላል፤ ሆኖም ሲስተሙን በቀየሩ ቁጥር መስመሩን እንደገና መጻፍ ይኖርብዎታል።

መለያውን ለዘለቄታው ለማረም በመጀመሪያ፣ አይቱሲ በተባለው የቺፖች መገናኛ መስመር ቁጥር 0 ላይ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 50 አድራሻ የሚገኘውን የኢኢፕሮም ይዘት በሙሉ ወደ ፋይል ገልብጠው ከቦርዱ ውጭ ያስቀምጡ። ቅጂውን በሄክሳዴሲማል ሲያዩት የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች «ኤኤ 55 33 ኢኢ» መሆን አለባቸው። ቀጥሎ 8 ባይት የቦርዱ ስም፣ ከዚያ 4 ባይት የስሪት ምልክት፣ ከዚያም 12 ባይት መለያ ቁጥር ይከተላል። በኢኢፕሮሙ የተጻፈው ይህ ስም በሁለቱም ሞዴሎች አንድ በመሆኑ መታረም ያለበት ስሪቱ ብቻ ነው። ለባለ ኤተርኔቱ ለምሳሌ «00ሲ0» ተብሎ የሚጻፈው ምልክት ለዋየርለሱ «ቢ፣ ደብሊው፣ ኤ» በሚሉት የላቲን ፊደላት መጀመር አለበት፤ ዩቡት የሚመለከተው እነዚህን ሦስቱን ነው። ከባይት 12 (ቆጠራው ከ0 ሲጀመር) ጀምሮ ያሉትን 4 ባይቶች ብቻ ይጻፉ። የሌላ ሰው ቦርድ ሙሉ ቅጂ አግኝቶ መጫን የቀለለ ቢመስልም አንመክረውም፤ ከሌላ ቦርድ መለያ ቁጥር ጋር ስለሚመጣ ሁለቱን ቦርዶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ ግራ መጋባት ሊፈጥር ይችላል።

ኢኢፕሮሙ ከአላስፈላጊ ጽሑፍ የሚጠበቅበት ፒን ስላለው፣ ፒኑ በሚጻፍበት ጊዜ ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር ካልተገናኘ አሮጌው ይዘት አይለወጥም። በባለ ኤተርኔቱ ብላክ ላይ ይህ ቲፒ4 የተባለው የመፈተሻ ነጥብ ነው፤ የእርስዎን ግን ከዋየርለሱ ስኬማቲክ (የኤሌክትሪክ ንድፍ) ላይ ያረጋግጡ እንጂ በግምት ሽቦ አይንኩበት። ጽፈው ሲጨርሱ ሽቦውን አንስተው ይዘቱን መልሰው ያንብቡ፤ በዩኢንቭ ፋይሉ የጨመሩትን መስመርም ያጥፉና ቦርዱን ያስነሱ። የሞዴሉ ስም አሁን «ብላክ ዋየርለስ» ሊል ይገባል።

ዋይፋዩ ከታየ በኋላ የቤትዎን ኔትወርክ ብቻ ካጣ፣ ራውተርዎ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እያሰራጨ እንዳይሆን ይመልከቱ፤ ይህ ሞጁል የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው።